እትዬ ሚዛን እና የተቀላቀሉት አውራ ዶሮዎች

ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። በዶሮ ምርምር ጣቢያው ከበር ጠባቂው እስከ ኃላፊው ድረስ ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «እትዬ ሚዛን» ናት። ከአንዱ ዶሮ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ ሚዛኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው። ለማንም አታውስም። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ካፌ አስተናጋጅ ሽንኩርት ሊመዝንበት ወስዶባት፣ ያን ቀን የወረደበትን ውርጅብኝ ሳይረሳ እስከ ዛሬ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል ይባላል።

ልጅ ሳለች ዶሮ የሚባል ነገር በሐሳቧም አልነበረም። ነርስ መሆን ነበር ምኞቷ። አባቷ ልብስ ሰፊ ስለነበር ነጩን ጋዎን ገና ፈተና ሳትወስድ አሰፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። ውጤት ሲመጣ ጥቂት ጎደላትና የእንስሳት እርባታ ደረሳት። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ድልህ ሲመስል፣ አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ጋዎኑ እንደሆነ ነጭ ነው፤ ዶሮ አይቶ አይጠቁርም» አላት። እልህ ይዟት ለብሳው ሄደች።

ልቧ የተያዘው አንድ የተግባር ትምህርት ላይ ነው። መምህሩ ሁለት የታረዱ ዶሮዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ ከአንድ ገንዳ የበሉ፣ ቢመዘኑም የማይበላለጡ ናቸው። ሆዳቸው ሲከፈት ግን ከአንደኛዋ እፍኝ ሙሉ ቢጫ ስብ ተዘረገፈ። የሁለተኛዋ ሆድ ውስጥ ያለው እንደ ሻሽ የሳሳ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን?» አለች።

«አፈጣጠራቸው ነው» አላትና ወደ ጉበቱ አለፈ።

እሷ ግን ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። አፈጣጠር ማለት ምን ማለት ነው? የቱ ቦታ ላይ ነው? ዶሮም እንደ ሰው ከእናቷና ከአባቷ የምትወርሰው ዘረመል አላት፤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ እጅግ ረጅም ጽሑፍ እንደማለት ነው። አንዷ ዶሮ ጋ አንድ ቦታ ላይ ያለው ፊደል ሌላዋ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ልዩነት ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። አንዳንዱ ግን ቶሎ ያሳድጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስብ ያከማቻል። ያ ስብ ከሰማይ አይወርድም። አርቢው ኪሱን አራግፎ የገዛው መኖ ነው፤ ዶሮዋ ሥጋ በማድረግ ፈንታ ሆዷ ውስጥ ታጉረዋለች፤ ምግብ አብሳዩም ጎልጉሎ ይጥለዋል። እትዬ ሚዛን ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችው ያንን ፊደል ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መሪ ጨብጦ ሲቀመጥ የኖረ ሰው በመሆኑ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። «ስለ ስብ ማወቅ ከፈለግሽ ምን ዶሮ ቤት ያንከራትትሻል?» እያለ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። «እኔ እዚሁ ሶፋ ላይ አለሁልሽ።»

«አንተማ ለጥናት አትሆንም» ትለዋለች። «መንገድ ለመንገድ የበላኸውን ማን መዝግቦት?»

የጡረታዋ ጊዜ ሲቃረብ የመጨረሻውን ሥራዋን ጀመረች። ቶሎ ከሚያድገውና ከሚሰባው ዘር አውራ ወስዳ፣ ቀጫጭን ከሆነው ዘር ሴት ጋር አዳቀለች። የተወለዱት ልጆች ሁሉም መካከለኛ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ሆኑ። ጉዱ ያለው የልጅ ልጆቹ ላይ ነው። እነሱ ሲፈለፈሉ የአያቶቻቸው ፊደላት እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ከሲታ፣ አንዱ ትልቅ ሆኖ ስብ የሌለው ይወጣል። ሁሉንም መዝኖ፣ ደማቸውን ወስዶ፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ስብ ጋር እንደሚሄድ ማየት ነው። ለዚህ ግን የእያንዳንዱ ጫጩት አባት መታወቅ አለበት። ስለዚህ ከልጆቹ መካከል የተመረጡት አውራዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሴቶች ይዘው በሽቦ በተለየ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። እንቁላል ሲለቀም የአባቱ ቁጥር ይጻፍበታል።

ይህ ሥራ ሲያልቅ ጡረታ ልትወጣና ከባሏ ጋር ወደ ልጃቸው ከተማ ሊሄዱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ልጃቸው የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ሾፌሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሕፃን አልጋ ይሠራል፤ ሰጋቱራውን ደግሞ በጆንያ እየሞላ ለዶሮ ቤቱ ይልካል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ውሽንፍር አስከትሎ መጣ። የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ከጥጉ ገንጥሎ አነሣው፤ ቆርቆሮው ሲወድቅ ክፍሎቹን የሚለየውን ሽቦ ከነቋሚው ይዞት ወረደ። እትዬ ሚዛን ያን ጊዜ የላብራቶሪ ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ስትመለስ የዶሮ ቤቱን ጠባቂ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። እኒህ ሰው ዶሮዎቹ እንዳይደነግጡ የሚገባውን ሁሉ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያሉ ስለሚቆጡ ጋሼ ቀስ ይባላሉ። ያን ቀን ግን ራሳቸው እየሮጡ መጡባት።

«ምነው ጋሼ፣ የሞተ አለ?»

«የሞተስ የለም።»

«ታዲያ ፊትዎ ምን ሆነ?»

«ሞተው ቢሆን ይሻልሽ ነበር እህቴ» አሉ። «አውራዎቹ ተቀላቅለዋል።»

ገብታ አየች። አውራዎቹ ተደባድበው የአናታቸው ኩክኔ በደም ርሷል። አንዱ የጎረቤቱን ሴቶች አስከትሎ ይንጎራደዳል፤ ሌላው ደግሞ የወደቀው ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አገር የያዘ ይመስል ይጮኻል። ሴቶቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰጋቱራውን ይጭራሉ።

«ማን ከማን ጋር ዋለ?»

«እኔ ምኑን አየሁት? ዓይኔ ሁለት ነው፤ እነሱ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቁም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ጋዎኗን አስተካክላ፣ «በሉ አውራዎቹን በሙሉ ያዙልኝ፤ አንድም እዚህ እንዳያድር» አለች።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ በዕድሜ ታናሿ ሲሆን ያከብራታል። በማግስቱ ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሳበላት።

«እትዬ፣ የተቀላቀሉት ለአንድ ከሰዓት ነው። እንቁላሉ ይለቀምና ሥራው ይቀጥል እንጂ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ በደማቸው አባታቸውን መለየት አይቻልም?»

«አውራዎቹ ወንድማማቾች ናቸው። እኛ የምናነባቸው የዘረመል ቦታዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ወንድምን ከወንድም አይለዩልኝም።»

«ትንሽ ስህተት ቢኖርበትስ? ስህተት የሌለበት ሥራ የት አለ?»

«የማን ልጅ እንደሆነ የማላውቀውን ዶሮ መዝኜ፣ ስቡን ከማን ወረሰ ልበል?»

እስክሪብቶውን አሽከረከረ። «እንደገና ከጀመሩት እኮ ጡረታዎ ይደርሳል። ውጤቱን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

«ይየዋ!» አለችና ተነሣች።

እንደገና መጀመሩ ቀላል አልነበረም። ዶሮ ጉደኛ ፍጥረት ናት፤ አውራው ከተለያት በኋላም ዘሩን በሆዷ አቆይታ፣ ለሳምንታት የሚፈለፈል እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ አውራዎቹን ለብቻ አስቀምጦ የሴቶቹ ሆድ እስኪጠራ ከመጠበቅ በቀር መላ የለም። እስከዚያ የሚጣለው እንቁላል ሁሉ ለካፌው ተሰጠ። አስተናጋጁ እንኳ፣ «የእትዬ እንቁላል በዛብን» ማለት ጀመረ። ከአውሎ ነፋሱ በፊት የተለቀሙት ጥቂት እንቁላሎች መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ንጹሕ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን ለጥናት አይበቁም።

ለባሏ ስትነግረው የአልጋውን እግር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር። እጁ ቆመ።

«ልጅቷ የምትወልደው መቼ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ከዶሮ በኋላ ነኝ ማለት ነው?»

«ከዶሮ በኋላ አይደለህም። ዶሮዎቹ ግን መጠበቅ አይችሉም። አንተ ትችላለህ።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። ልትመልሰው ፈለገች፤ እውነቱ ግን እሱ ነበር። ሾፌሩ የብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ብዙ ዓመት ስጠብቅሽ ኖሬያለሁ» አለ። «አሁን ደከመኝ።»

አልጋውን ጨርሶ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ብቻውን ሄደ። ሳይሰናበታት አልሄደም፤ ግን ሲሰናበታት የሚያየው ሻንጣውን ነበር። ያን ቀን ቤቱ ሰፋባት። ሶፋው ላይ የተቀመጠበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። አጠገቡ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወደ ጣቢያው ስትመለስ ግን ልቧ ቆርጧል፤ ጀምራዋለች፣ ትጨርሰዋለች።

አውራዎቹ ወደየክፍላቸው ሲመለሱ ሴቶቹ አርጅተዋል። አንዳንዶቹ ላባቸውን ማራገፍ ጀምረው እንቁላል አቆሙ። ጋሼ ቀስ ሽቦውን በድርብ ወጥረው፣ በቋሚዎቹ ግርጌ ድንጋይ ከምረው፣ «አሁን ዝሆን ቢመጣ አያልፍም» አሉ። እሷ በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ ደርሳ እንቁላሉን ገና ሳይቀዘቅዝ ትለቅማለች። በአንድ ጊዜ ሊፈለፈል የነበረው ወደ ብዙ ዙር ተከፋፈለ። ጫጩት በወጣ ቁጥር አንድ በአንድ እያነሣች ክንፋቸው ላይ ቁጥር ታስራለች፤ እርጥብ ላባቸው ጣቷ ላይ ሲጣበቅ፣ «አባትህን አውቀዋለሁ፤ አትዋሸኝም» ትላለች።

በዚህ መሐል ጡረታው ደረሰ። በአዳራሹ ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመች። በማግስቱ ማለዳ ሚዛኗን ታቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ የግቢው በር ጠባቂ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ትናንት ሸኝተንዎት አልነበረም?»

«ሸኛችሁኝ። መጣሁ።»

ኃላፊው ግንባሩን ቋጠረ። ደመወዝ እንደሌለ፣ ብትታመም ኃላፊነት እንደማይወስዱ ነገራት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በመጨረሻ በቦታዋ የተተካችውን የላብራቶሪ ተመራማሪ ጠርቶ፣ «ጠረጴዛ ስጪያቸው» አለ። ተመራማሪዋ ቀልጣፋ፣ ፈጣን ተናጋሪ ሴት ናት፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ «ስቡን የሚያመጣው እርስዎ ያሰቡት ቦታ መሆኑን እጠራጠራለሁ» ብላታለች። እትዬ ሚዛን ያቺን ፊደል ለዓመታት በልቧ ይዛ የኖረች በመሆኗ ነገሩ ከነከናት። ቢሆንም ደሙን የሚያነብላት እሷ ናት፤ ምላሷን ነከሰች።

የልጅ ልጇ ሲወለድ ዶሮ ቤት ውስጥ ነበረች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ፣ በሁለት እጇ ቄብ ዶሮ ይዛ ነው የሰማችው።

«እማ፣ ሴት ናት» አለች ልጇ፤ ድምፅዋ ደክሟል። ከኋላ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። በዚያው ቅጽበት አንዱ አውራ ጮኸ። «እማ፣ ዶሮ ቤት ነሽ?»

«አዎ ልጄ።»

«እሺ» አለች ልጇ። ያ «እሺ» ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ከበዳት። ጋሼ ቀስ ቄቧን ከእጇ ተቀብለው፣ «ሂጂ እንጂ፣ እኔ አለሁ» አሏት። «ዶሮዎቹ ታርደው ስባቸው ሲመዘን ነው የምሄደው» አለች፤ እያንዳንዱ ዙር እኩል ዕድሜ ላይ ሲደርስ ካልተመዘነ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

የየዙሩ ማረጃ ደረሰ። የታረዱት ዶሮዎች ላባቸው ተነጭቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው በረድፍ ይመጣሉ። የሆዱን ስብ ከጨጓራው ዙሪያ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሳይቆርጡ ልጦ ማውጣት ያስፈልጋል። አንዱ ቆራጭ ጥቂት ቢያስቀር፣ ሌላው ጥቂት ሥጋ ቢጨምር ልዩነቱ የዶሮዎቹ ሳይሆን የቆራጮቹ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ እጅ መቁረጥ አለባት፤ እጁም የእሷ ነው። እየቆየ የእጅ አንጓዋ አበጠ። ጣቶቿ ከቅዝቃዜው የተነሣ ደንዝዘው፣ ቢላውን መያዛቸውን በዓይኗ እያየች ነው የምታረጋግጠው።

«እትዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ፤ እንዴት እንደሚቆርጡ አይቻለሁ» አለች ተመራማሪዋ።

«አይተሻል። እጅሽ ግን የእኔ እጅ አይደለም።»

«ነገ መያዝ ያቅትዎታል እኮ!»

«ነገ ሲመጣ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ አንጓዋን በጨርቅ ጠፍራ መጣች፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ተመራማሪዋ መከራከሩን ትታ ሚዛኑን ታነብላት ጀመር። የመጨረሻዋ ዶሮ ስብ ሲመዘን እትዬ ሚዛን ቢላውን ባልዲ ውስጥ ጥላ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። በዚያው ሳምንት ወደ ልጇ ሄደች።

ሾፌሩ መነኻሪያ ቆሞ ጠበቃት። አላቀፋትም፤ ሻንጣዋን ተቀበላት። ከስቷል፤ ልጃቸው ቅባት ከልክላው ጠዋት ማታ በእግሩ ታስኬደዋለች።

«ውይ! አንተም ቀጭኑ ዘር ውስጥ ገባህ?» አለችው።

ላለመሳቅ ታገለ። «ተይኝ፤ ገና አልታረቅኩሽም» አለ፤ ግን መንገዱን ሁሉ ስለ ሕፃኗ ሲያወራላት ሄደ። ልጇ በር ላይ ጠበቀቻት። ሁለቱም ያሰቡትን ንግግር ተዉት፤ ልጇ ሕፃኗን እጇ ላይ አደረገችላት። እትዬ ሚዛን እንደ ልማዷ ከፍ ዝቅ አድርጋ ክብደቷን ገመተች፤ ልጇ ይህን አይታ፣ «እማ፣ እባክሽ!» ብላ ሳቋ አመለጣት። ቅሬታው ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። አንዳንድ ጊዜ ልጅቷ፣ «ያኔ አልነበርሽም» ትላለች፤ እናቲቱም፣ «አልነበርኩም» ትላለች እንጂ አትከራከርም።

ውጤቱ የመጣው እዚያው እያለች በስልክ ነው።

«እርስዎ ያሰቡት ቦታ ከስብ ጋር ምንም አይገናኝም» አለች ተመራማሪዋ ሳታስታምም። «ከዕድገት ጋር ግን ይሄዳል። አንደኛውን ፊደል የያዙት ቶሎ ከብደዋል።»

«ስቡስ?»

«ስቡ ሌላ ቦታ ነው። ይሆናል ብለን ሳንጠብቅ የጨመርነው ነበር። አንዱን ፊደል ከእናትም ከአባትም የወረሱት፣ ክብደታቸው ሳይቀንስ የሆድ ስባቸው አነስ ብሏል። ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።»

እትዬ ሚዛን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ያቺ የምታምናት ፊደል ትታት ሄዳለች። ተናደደች፤ ደግሞም ወዲያው፣ አባቶቻቸው ያልታወቁትን ጫጩቶች መዝና ቢሆን ኖሮ ይህች ትንሽ ልዩነት በግርግሩ ውስጥ ጠፍታ እንደምትቀር ታያት።

«አንድ መንጋ ላይ ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ዘር ላይ ካልታየ ተረጋግጧል ብለን ማውራት የለብንም።»

«እኔም ይህንኑ ልልዎት ነበር።»

እትዬ ሚዛን ከባሏ ጋር ከልጃቸው ቤት ስትመለስ፣ ውጤቱን ለአርቢዎች ከተመራማሪዋ ጋር አብረው አቀረቡ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት በደሳሳ ቤት ጀምራ ብዙ ዶሮ ያፈራች አርቢ እጇን አወጣች። «ገባኝ እትዬ። ታዲያ እኔ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?»

«ነገ ጠዋት ምንም አታድርጊ» አለቻት። ሰው ሳቀ። «የምሬን ነው። ይህ በእኛ ዶሮዎች ላይ የታየ ነው። በአንቺ ዶሮዎች ላይ ላይሠራ ይችላል። እስኪታወቅ አውራ አትለውጪበት።»

«መቼ ነው የሚታወቀው?»

«ዶሮዎችሽን እንድመረምር ከፈቀድሽልኝ ቶሎ።»

አርቢዋ ጎረቤቷን አየች፣ ጣራውን አየች። «አታርጂብኝ እንጂ ደማቸውን ውሰጂ» አለች።

«የሚታረደውን አንቺው ለገበያ ስታርጂ እመጣለሁ። ሆዳቸውን ግን እኔ ነኝ የምከፍተው።»

በሳምንቱ ሾፌሩ የሰው መኪና ተውሶ ወሰዳት። ከኋላ ወንበር ላይ የደም መውሰጃ ሣጥኑ አለ፤ ሚዛኑ ደግሞ ጭኗ ላይ ነው። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ በየጉድጓዱ፣ «ቀስ!» ትለዋለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ስነዳ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ አልገጠመኝም» አለ።

አርቢዋ ግቢዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። እትዬ ሚዛን ወርዳ ጋዎኗን ለበሰች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የታመመውን አንጓዋን አንድ ሁለቴ አሽታ፣ «በይ፣ ከየቱ ቤት እንጀምር?» አለቻት።